የውሻና የድመት አልትራሳውንድ ስንገዛ፦ የኪሱ፣ ላፕቶፕ መሰሉ ወይስ ባለጎማው?

ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። አንድ ጋሼ የስምንት ዓመት ጀርመን ሸፐርዳቸውን ይዘው መጡ። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትታለች፣ ሆዷ ተነፍቷል። "ዶክተር፣ አርግዛ መሰለኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ወንድ ፈልጋ ነበር" አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ አስተኛናት፣ የሆዷን ጸጉር ላጨን፣ ጄል ቀባን። ፕሮቡን፣ ሆድ ላይ የሚያርፈውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ፣ ገና ሳስቀምጥ መብራት ሄደ። ማሽኑ ግን በባትሪው ቀጠለ። በጨለማው ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ብቻ እያበራ፣ ከሽንት ፊኛዋ አጠገብ አውራ ጣት የሚያካክሉ ጥቁር ቱቦዎች ታዩ። ውስጣቸው ጉም የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ቡችላ የለም፣ የልብ ምት የለም። ማህፀኗ መግል ሞልቶታል። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ዳነች።

ያ ማሽን ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት በቂ ሳላውቅ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ትንሽ ክሊኒክ የከፈቱ ወዳጆቼ በየጊዜው "የትኛውን ልግዛ?" ይሉኛል። ስልክ ላይ የሚሠራ የኪስ ማሽን አለ። እንደ ላፕቶፕ የሚታጠፍ አለ። ባለጎማ ትልቅ አለ። ከሰው ሆስፒታል የወጣ ያገለገለም አለ። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ አብሮት የሚመጣው ፕሮብ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ፕሮቡ

ሻጭ ማሽን ሲያሳያችሁ ስክሪኑን ነው የሚያሳያችሁ። ምስሉን የሚያመጣው ግን እጃችሁ ላይ ያለው ፕሮብ ነው። ምርጥ ማሽን የማይሆን ፕሮብ ከተሰካበት ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። መካከለኛ ማሽን ትክክለኛ ፕሮብ ካለው ግን ለዓመታት ያሠራችኋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፕሮቡ ድምፅ ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ምስል ይሆናል። ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ3.5 ሜጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ (የድምፁ ድግግሞሽ) የአንዱ ሞገድ ርዝመት 0.44 ሚሊ ሜትር ነው። በ7.5 ሜጋኸርዝ ወደ 0.2 ይወርዳል፣ በ12 ደግሞ ወደ 0.13። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ደቃቁን ነገር ለይቶ ያሳያል። ግን ቶሎ ይደክማል፣ ጠልቆ አይሄድም። የድመት ኩላሊት ከቆዳዋ ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው። የአንጀቷ ግድግዳ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች ውፍረት ውስጥ ደግሞ ተነባብረው የሚታዩ ሽፋኖች አሉ። እነሱን በ3.5 ሜጋኸርዝ ለማየት መሞከር በቀለም ቅብ ብሩሽ ቁም ጽሕፈት እንደመጻፍ ነው።

ለውሻና ለድመት የመጀመሪያው ፕሮብ ማይክሮኮንቬክስ ነው። አፉ ትንሽና ክብ ነው። ከጎድን አጥንት ሥር ሸርተት ብሎ ይገባል፣ በጎድኖች መካከልም ያያል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። በእሱ የትልቅ ውሻ ጉበትም፣ የድመት ሽንት ፊኛም፣ ማህፀንም፣ በችግር ጊዜ ልብም ይታያል። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ እሱን ግዙ።

ሁለተኛው ሊኒየር ነው። አፉ ጠፍጣፋ፣ ፍሪኩዌንሲው ከ7.5 እስከ 12 እና ከዚያ በላይ። ጥልቀት የለውም፤ ከአምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር በታች ምስሉ ይጠፋል። በዚያች ርቀት ውስጥ ግን ወደር የለውም። ዋጋውን የተረዳሁት በአንድ ቡችላ ነው። ፓርቮ የሚባለው የአንጀት ቫይረስ ይዞት ለቀናት ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው ከርሞ ነበር። ተቅማጡ ቆመ፣ ትውከቱ ግን አልቆመም። ሆዱን ስዳስስ ቋሊማ የመሰለ ነገር እጄ ላይ መጣ። ሊኒየሩን አስቀመጥኩበት። ቀለበት በቀለበት ላይ፣ ልክ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት። አንጀቱ አንጀቱ ውስጥ ገብቷል። በማይክሮኮንቬክስ ሳየው "አንድ ነገር አለ" ከማለት አላልፍም ነበር። በሊኒየሩ ግን የቱ ሽፋን የቱ ውስጥ እንደገባ መቁጠር ይቻል ነበር። ቡችላ፣ ድመትና ትንንሽ ውሻ የሚበዛበት ክሊኒክ ካላችሁ ሊኒየር ቅንጦት አይደለም።

ለሰው ሆድ የተሠራው ትልቁ ኮንቬክስ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ነው፣ አፉም ሰፊ ነው። ሃምሳ ኪሎ በሚመዝን የጥበቃ ውሻ ላይ ያገለግላል። ድመት ላይ ማረፊያ ቦታ እንኳ አያገኝም። የልቡ ፕሮብ ፌዝድ አሬይ ደግሞ የልብ ሥራ በርትቶ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ሌላው ይቆየው።

የኪሱ እና ላፕቶፕ መሰሉ ጎን ለጎን

ብዙ ሰው የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልሂድበት።

የኪሱ ማሽን ማለት ፕሮቡ ራሱ ማሽን የሆነበት ነው። ስክሪኑ ስልካችሁ ወይም ታብሌታችሁ ነው። ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ አለ። በተርፍላይ የተባለው በተለመዱት ድምፅ በሚፈጥሩ ክሪስታሎች ፋንታ ቺፕ ይጠቀማል፤ አንዱ ፕሮብ በሶፍትዌር እየተቀየረ የሊኒየሩንም፣ የኮንቬክሱንም፣ የልቡንም ሥራ ይሠራል። የካናዳው ክላሪየስ ደግሞ ያለገመድ የሚሠራ ሆኖ ለየሥራው የተለያየ ፕሮብ ያቀርባል፤ ማይክሮኮንቬክስም ሊኒየርም ለየብቻ አለው። የመጀመሪያው መንገድ ርካሽ ነው፤ በአንድ ግዢ ሁሉንም ትነካላችሁ። ሁለተኛው ለድመትና ለትንሽ ውሻ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ግን ሁለተኛ ፕሮብ ስትጨምሩ ዋጋው ከላፕቶፕ መሰሉ ጋር መጠጋት ይጀምራል።

የኪሱ ማሽን የሚያበራበት ቦታ ድንገተኛ ነው። መኪና የገጨው ውሻ በር ላይ ሲደርስ ማሽን እስኪነሳ መጠበቅ የለም። ፕሮቡን ከኪስ አውጥቶ ሆዱ ላይ አራት ቦታ ማየት ነው፦ ከድያፍራሙ (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) እና ከጉበቱ በኩል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት በኩል፣ በሽንት ፊኛ በኩል፣ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት በኩል። ፈሳሽ ለታየበት ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ነጥብ ይያዛል፣ ከ0 እስከ 4። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደገማል። ነጥቡ ከጨመረ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ የሚያምር ምስልም አይፈልግም፣ ጥቁር ፈሳሽ ማየት ብቻ ይበቃል። ውሻው አስቸጋሪ ሆኖ መኪና ውስጥ አልገባም ሲል ቤት ድረስ ለምትሄዱም ከኪሱ የሚሻል የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሙሉ ሆድ ረጋ ብላችሁ ስትመረምሩ ነው። አንድ እጃችሁ ፕሮብ ይዟል። ሌላው ጄል ነክቷል። በዚያ ጄል በነካ ጣት የታብሌት ስክሪን ላይ ጥልቀት ልቀንስ፣ ብርሃኑን ላስተካክል፣ ላቁም፣ ልለካ ስትሉ አይታዘዝም። ድመቷ ደግሞ አትጠብቃችሁም። ረዳት ከሌላችሁ በጣም ትቸገራላችሁ። ረዘም ያለ ሥራ ላይ ፕሮቡ ይግላል፣ ባትሪውም ይወርዳል። ስልኩ ሲያረጅ አፕሊኬሽኑ ላይቀበለው ይችላል።

ከሁሉ በላይ አጥብቃችሁ ጠይቁ የምለው ዓመታዊ ክፍያን ነው። አንዳንዶቹ የኪስ ማሽኖች ዕቃውን ከገዛችሁ በኋላም በየዓመቱ በዶላር ክፍያ ይጠይቃሉ። ካልተከፈለ የትኛው አገልግሎት ይቆማል? ለመክፈል የውጭ ካርድ ያስፈልጋል? ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፍታል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የምናገኝ ሰዎች በዶላር በየዓመቱ ዕዳ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ ሲያመጣላችሁም ደስ ከማለታችሁ በፊት ዋስትናው እዚህ ይሠራ እንደሆነ አጣሩ። ፕሮብ ከእጅ ወድቆ ሲሰበር መልሶ ወደዚያ መላክ የወራት ጉዳይ ነው።

ላፕቶፕ መሰሉ ግን ለዕለት ሥራ የተሠራ ነው። ቁልፎች አሉት። ዓይናችሁን ከስክሪኑ ሳታነሱ በጣት ዳሰሳ ምስሉን ታቆማላችሁ፣ ትለካላችሁ። ከአንድ በላይ የፕሮብ መሰኪያ ያለው ከሆነ ከማይክሮኮንቬክስ ወደ ሊኒየር በአንድ ቁልፍ ትሻገራላችሁ። ለእንስሳት የተሠራው ደግሞ የውሻና የድመት እርግዝና ሠንጠረዥ፣ የልብ መለኪያ፣ በእንስሳው ክብደት የተዘጋጀ ቅንብር ይዞ ይመጣል። የማይንድሬይ ቬተስ ተከታታይ፣ የጣሊያኑ ኢሳኦቴ፣ ሌሎችም የቻይና ስሪቶች በዚህ ክልል ውስጥ አሉ። የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያሳየው ቀላሉ ከአንዳንድ የኪስ ማሽን ይረክሳል፣ ሁሉን የያዘው ደግሞ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የባትሪውን ነገር አደራ። ብሮሹር ላይ የተጻፈውን ሰዓት አትመኑ። በሙከራው ቀን ገመዱን ንቀሉና አንድ ሙሉ ምርመራ ሥሩበት። አንዳንዱ ማሽን ባትሪ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያቺ ጀርመን ሸፐርድ በባትሪ የተረፈች ናት። ማሽኑ ባትሪ ኖረውም አልኖረው ስታቢላይዘር ግዙለት፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ብዙ ማሽን የሚገድለው።

ባለጎማው

ምስሉ ከሁሉም ይበልጣል፣ ዋጋውም። የልብና የውስጥ ደዌ ሥራ በሪፈር የሚቀበል ትልቅ ክሊኒክ ወይም የማስተማሪያ ሆስፒታል ካልሆናችሁ አልመክርም። ሁለት ክፍል ያለው ክሊኒክ ውስጥ ቦታውም አይበቃም።

ከሰው ሆስፒታል የወጣው

አሁን ወደ መጀመሪያው ማሽኔ። ያገለገለ፣ ስሙ የታወቀ ኩባንያ የሠራው፣ ባለጎማ ነበር። ዋጋው ከአዲስ የእንስሳት ማሽን ግማሽ አይሞላም። ሻጩ ቢሮው ውስጥ አበራልኝ፣ ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ ፕሮቡ ያበራል፣ ገዛሁ። ክሊኒክ ሲገባ ሦስት ነገር ታየኝ። ፕሮቡ 3.5 ሜጋኸርዝ ኮንቬክስ ነው፤ ድመት ላይ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው የሚያሳየው። የእርግዝና ሠንጠረዡ የሰው ነው። ከምስሉ መሐል ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር መስመር አለ። መጀመሪያ ጄል ያነሰ መሰለኝ። ጸጉር ደግሜ ላጨሁ። መስመሩ ግን ፕሮቡን ወዴትም ባዞር ስክሪኑ ላይ ከቦታው አይነቃነቅም፣ እንስሳው ላይ አይደለም ማለት ነው። የፕሮቡ ክሪስታሎች በከፊል ሞተዋል። ማይክሮኮንቬክስ ልጨምር ብል ለዚያ ሞዴል የሚሆን በቀላሉ አይገኝም፤ የተገኘው ደግሞ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። ሻጩ ስልክ ማንሳት ተወ።

ያ ብስጭት ለእናንተ እንዲተርፍ አልፈልግም። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ለማየት ስትሄዱ አንድ የወረቀት ክሊፕ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ክሊፑን ዘርጉት። የፕሮቡ አፍ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ጥልቀቱን በጣም ቀንሱ። የክሊፑን ሽቦ የፕሮቡ አፍ ላይ ቀስ አድርጋችሁ፣ ሳትቧጭሩ፣ ከዳር እስከ ዳር ጎትቱ። ስክሪኑ ላይ ሽቦው ባለበት ቦታ ብርሃን ብልጭ እያለ አብሮ ይሄዳል። ብርሃኑ የሚጠፋበት ቦታ ካለ እዚያ ያሉት ክሪስታሎች አይሠሩም። ይህ ለሊኒየርና ለኮንቬክስ ይሠራል። የፌዝድ አሬዩ አሠራር ስለሚለይ በዚህ አይፈተሽም። ቀጥሎ ገመዱን ከመሰኪያው ጀምሮ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት። የተሰነጠቀ ካለ፣ የፕሮቡ አፍ ላስቲክ የተነሳ ካለ፣ ተዉት።

የሰው ማሽን ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ማይክሮኮንቬክስ ወይም ለሕፃናት የሚሆን ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ፕሮብ አብሮት ካለ፣ ክሊፑንም ካለፈ፣ እዚሁ የሚጠግነው ባለሙያ ካለ፣ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡን በእጅ ማስላት ይቻላል። ፕሮቡን ግን በምንም መተካት አይቻልም።

ከብትም ለምታዩ

ቢሾፍቱና ዙሪያዋ እንደሚሠሩ ብዙ ባልደረቦች ጠዋት የወተት ላሞች፣ ከሰዓት ውሻ የምታዩ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ለላም እርግዝና የሚሆነው በፊንጢጣ የሚገባው ሊኒየር ፕሮብ ነው። ወገብ ላይ ታጥቀውት በመነጽር የሚያዩት እንደ ኢዚ ስካን ያለ ማሽንም አለ። በዚያ ፕሮብ የውሻ ሽንት ፊኛና ማህፀን ማየት ይቻላል፤ ቅርጹ ግን ለውሻ ሆድ አይመችም፣ ከጎድን ሥርም አይገባም። የላሙን ማሽን ለውሻ ብቻ ብሎ መግዛት ስህተት ነው። ሁለቱንም የምትሠሩ ከሆነ ማይክሮኮንቬክስ የሚቀበል የእንስሳት ማሽን ገዝታችሁ የላሙን ፕሮብ በላዩ ብትጨምሩ ይሻላል።

ለዶፕለር ልክፈል?

ባለቀለም ዶፕለር ዋጋውን ያስወድዳል። የደም ፍሰት ያሳያል፤ የልብ ቫልቭ ሲያፈስ፣ የጉበት ደም ሥር አለቦታው ሲያልፍ ያስፈልጋል። ግን ያለሱም ብዙ ይሠራል። የድመት ልብ ግድግዳ መወፈር የሚለካው በተራው ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ ልቡ ተከፍቶ በሞላበት ሰዓት ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስባል። በሸመገለ ትንሽ ውሻ የግራውን የላይኛ የልብ ጓዳ ከአኦርታው (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) ጋር ማነጻጸርም እንዲሁ ነው፤ ስፋቱ የአኦርታው 1.6 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ልቡ እየተለጠጠ ነው። በጀታችሁ ለዶፕለር ወይም ለሊኒየር ፕሮብ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ሳላመነታ ሊኒየሩን እወስዳለሁ።

ራጅ ያለው ሰው ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። አልትራሳውንድ አጥንትንና አየርን አያልፍም። የተሰበረ እግር አያሳያችሁም፣ ጋዝ የሞላው አንጀት ከኋላው ያለውን ይጋርዳል። እርግዝና ላይ ደግሞ ይጋገዛሉ። ከ25ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ የቡችሎቹ ልብ ሲመታ በአልትራሳውንድ ይታያል። ስንት እንደሆኑ ግን በእሱ ቆጥራችሁ ለባለቤቱ ቁርጥ አትንገሩ፤ ይደራረባሉ፣ ይሳሳታል። ቁጥር ከተፈለገ ከ45ኛው ቀን በኋላ፣ ይልቁንም ወደ መውለጃዋ ሲጠጋ፣ በራጅ ነው። ምጥ ሲዘገይ ደግሞ ተራው የአልትራሳውንድ ነው። የቡችላው ልብ በደቂቃ ከ200 በላይ ሊመታ ይገባል። ከ180 በታች እየወረደ ከሆነ ቡችላው ተጨንቋል፣ ቀዶ ሕክምናውን አስቡ።

በሙከራው ቀን

ከሻጩ ጋር ቀን ስትቆርጡ ቢሮው ሳይሆን ክሊኒካችሁ ይሁን። አንዲት ድመትና አንድ ትልቅ ውሻ አዘጋጁ። ድመቷ ላይ የግራ ኩላሊቷን አውጡ፤ ቅርፊቱና መሐሉ ተለይቶ ይታያል? የአንጀቷ ሽፋኖች ይቆጠራሉ? ውሻው ላይ ጉበቱን እስከ ድያፍራሙ ድረስ እዩ፤ ታችኛው ክፍል ይጨልማል? ፕሮቡን እናንተው ያዙ። የሻጩ ባለሙያ እጁ ስለለመደ ከመጥፎ ማሽንም ጥሩ ምስል ያወጣል።

አልኮልንም ጠይቁ። ጸጉር ላለመላጨት ብዙዎቻችን አልኮል እናፈሳለን። የአንዳንዱ ፕሮብ ላስቲክ በአልኮል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አምራቹ ከከለከለው ዋስትናው አይሸፍነውም። ዋስትና ስትዋዋሉ ፕሮቡ በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። "ማሽኑ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው" ሲባል ፕሮቡ የማይካተትበት ውል ብዙ ነው፤ ቀድሞ የሚበላሸው ደግሞ እሱ ነው። ሲበላሽ ማን ይመጣል፣ በስንት ቀን ይመጣል፣ እስከዚያ ተለዋጭ ይሰጣል? በጽሑፍ ይሁን።

እኔ ዛሬ ከዜሮ ብጀምር፣ ቀን በቀን ውሻና ድመት ለሚያይ ክሊኒክ ባለባትሪ ላፕቶፕ መሰል ማሽን ከማይክሮኮንቬክስ ጋር እገዛለሁ፣ ሊኒየሩን በስድስት ወር ውስጥ እጨምራለሁ። ቤት ለቤት የምትሠሩ ወይም ሥራችሁ ድንገተኛ ላይ ያተኮረ ከሆነ የኪሱን ውሰዱ፤ የዓመቱን ክፍያ በበጀታችሁ ያዙ። የትኛውንም ግዙ፣ ከማሽኑ ገንዘብ ላይ ለሥልጠና የሚሆን ቆርጣችሁ አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ወር ጤነኛ እንስሳ በሙሉ እዩበት፤ ሊመከኑ የመጡትን፣ ሊከተቡ የመጡትን፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ጤነኛ ጣፊያ መቶ ጊዜ ያየ ዓይን ነው የታመመውን በአንድ እይታ የሚለየው።